ጠመኔው በቀኝ በኩል ነበር

ደንበኛ ሲሳሳት እያየሁ ዝም ማለት አልችልም። ተፈጥሮዬ ነው። ሱሪውን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አሳጥሪልኝ የሚለኝን ጎረምሳ ጎርፍ ልትሻገር ነው ወይ እለዋለሁ። ለሠርግ የገዛችውን ቀሚስ ሁለት ቁጥር አጥብቢልኝ የምትለዋንም ያን ቀን ምሳ የለም ወይ ብዬ እጠይቃታለሁ። ቴክሳስ፣ አዲሰን ከተማ ውስጥ፣ አንድ የልብስ ማጠቢያ ሱቅ ጥግ ላይ፣ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያና አንድ ቁመት የሚያሳይ መስታወት ይዤ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጫለሁ። የሱቁ ባለቤት ኮሪያዊት ናት፤ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ተሳሳትሽ ብላኝ አታውቅም። ሶ፣ እኔም አልሳሳትም ብዬ ደምድሜ ነበር። ባለቤቴ ግን አንቺን ለማሳሳት ሌላ ሰው አያስፈልግም፣ ራስሽ ትበቂያለሽ ይለኛል።

ሰውዬው የመጡት ባለፈው ዓመት፣ የቴክሳስ ሙቀት ገና ሳይጠና፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ረጅም፣ ፀጉራቸው ነጭ፣ ጀርባቸው ቀጥ ያለ ሽማግሌ ናቸው፤ ጫማቸው ከመወልወሉ የተነሳ የሱቁን መብራት ያሳያል። በአንድ እጃቸው ጥቁር ሰማያዊ ኮት በማንጠልጠያ፣ በሌላው ትንሽ የእንጨት ሣጥን ይዘዋል። እንግሊዝኛቸው የዚህ አገር አልነበረም። ስጠይቃቸው እንግሊዛዊ መሆናቸውን፣ ልጃቸው አሜሪካዊ አግብታ እዚህ ቅርብ ግሬፕቫይን ከተማ እንደምትኖር፣ እሳቸውም ከሁለት ዓመት ወዲህ እሷ ጋ መግባታቸውን ነገሩኝ። ከዚያ ሣጥኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ከፈቱት።

አራት ኒሻኖች፣ በአንድ ዘንግ ላይ ተደርድረው። አንዷ ከሮዝ ጥብጣብ ላይ የተንጠለጠለች ብርማ መስቀል ናት። የሁለተኛው ጥብጣብ ሐምራዊና አረንጓዴ፣ የሦስተኛው ውሃ ሰማያዊ፣ የአራተኛው ዳሩ ነጭ የሆነ ቀይ። ከሥራቸው የታጠፈ ጥቁር የክንድ ጨርቅ አለ፤ ሁለት ቀይ ፊደል ተሰፍቶበታል፣ ኤም ፒ ይላል። ወላሂ፣ ልቤ ዘለለ። መርፌ የምሰካበትን ትራስ ሳይቀር ከጠረጴዛው ላይ ጣልኩት።

እኔ የወታደር ልጅ ነኝ። ደሴ፣ ጦር ሰፈር ውስጥ ነው ያደግኩት። አባቴ ሃምሳ አለቃ ነበር። የሰልፍ ቀን ሲደርስ ኒሻኖቹን ደረቱ ላይ የማደርግለት እኔ ነበርኩ፤ እናቴ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ የኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አይንቀጠቀጥም። ዝቅ ይልልኝና «በግራ፣ ልቤ ላይ» ይለኛል። ኤም ፒ የሚባሉትንም ያኔ ነው ያወቅኋቸው፤ ወታደራዊ ፖሊሶቹን። እነሱ ብቅ ሲሉ ጠጅ ቤት ያለው ወታደር ሁሉ በጓሮ በር እግሬ አውጪኝ ይላል። ወታደር ሰፈሩን ያስፈራል፣ ወታደሩን የሚያስፈሩት ግን እነሱ ብቻ ነበሩ። አሁን ደግሞ የእንግሊዝ ጦር ኤም ፒ ከነኒሻኑ አዲሰን ድረስ እኔ ጋ መጣ።

የእንግሊዝ ጦር ፖሊስ ነው አይደል ብዬ ጮህኩ። እሳቸውም አዎ ብለው አንድ ነገር ሊያስረዱኝ አፋቸውን ከፈቱ፤ እኔ የት ልስማ። የአባቴን ታሪክ ከሀ እስከ ፐ ዘረገፍኩላቸው። የሰልፉን፣ የሙዚቃ ጓዱን፣ የጠጅ ቤቱን ሩጫ፣ ምንም ያስቀረሁት የለም። ጨዋ ሰው ናቸው፤ አንገታቸውን እየነቀነቁ አዳመጡኝ። እኔ እስክጨርስ ሁለት ደንበኛ መጥቶ ተመልሷል።

ጉዳያቸውን የተናገሩት ከዚያ በኋላ ነው። የልጅ ልጃቸው ከፖሊስ አካዳሚ ልትመረቅ ነው፤ አርብ ጠዋት፣ እዚያው ግሬፕቫይን፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ። በዚህ አገር አዲስ ፖሊስ ሲመረቅ ባጁን ደረቱ ላይ የሚያደርግለት ብዙ ጊዜ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ነው። ልጅቷም አያቷን መርጣለች። ኒሻኖቹ የተደረደሩበት ዘንግ ከኋላው ያለው ፒን ተሰብሯል፣ ሶ እንዳይወድቅ አድርጌ ኮቱ ላይ እንድሰፋላቸው ፈለጉ። ለአርብ የግድ መድረስ አለበት፣ ቃል የተገባበት ነገር ነው አሉኝ። ማን ለማን ቃል እንደገባ አልጠየቅኩም።

ኮቱን ለብሰው መስታወቱ ፊት ቆሙ። እኔ ስልክ ተደውሎልኝ እያወራሁ ነበር፤ በምልክት ጠመኔ ጠየቁኝና ሰጠኋቸው። ስጨርስ ዞሬ ሳይ ደረታቸው ላይ አጭር መስመር አስምረዋል፤ በቀኝ በኩል።

አያችሁ፣ መስታወት ሰው ያሳስታል። የግራ እጅጌውን አሳጥሪልኝ ብሎ ቀኙ ላይ ምልክት ያደረገ ደንበኛ ስንቱን አይቻለሁ። ኒሻን ደግሞ በግራ እንደሚደረግ ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እዚያው ፊት ለፊት እነግረው ነበር። ለእኚህ ሰው ግን አፌ አልደፈረም። አንድ የጦር ጀግና በስተርጅና ግራና ቀኙን አምታታ ብዬ ላሳፍር? በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የደንበኛ ስህተት አይቼ ዝም አልኩ። እሺ ብዬ ተቀብዬ በእጄ ላርመው ወሰንኩ።

ረቡዕ ዕለት ሌላውን ሥራ ሁሉ ወደ ጎን አደረግኩት። ጠመኔውን በብሩሽ አጠፋሁ። ኒሻኖቹን በለስላሳ ጨርቅ ሳሻቸው ጠርዛቸው ላይ ስምና ቁጥር ተቀርጾ አየሁ፤ ከቁጥሩ ፊት አንዲት ፊደል አለች። የማዕረግ ነገር ይሆናል ብዬ አለፍኳት። ከዚያ ክሩን በሰም አሽቼ፣ ገበሩን አሳልፌ፣ ከደረት ኪሱ ከፍ አድርጌ በግራ ሰፋሁት። የጭነት መኪና ቢጎትተው አይነቀልም። ኮሪያዊቷን ጠርቼ ባሳያት አውራ ጣቷን አነሳችልኝ። ለባለቤቴም ፎቶ ላኩለት። እሱ ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳል፣ ፎቶውን ለጓደኞቹ አዳርሶት ሰውዬው በአንድ ቀን ጄኔራል ሆነው አደሩ።

ሐሙስ ልጃቸው መጥታ ኮቱን ወሰደች። ሰዓቷን እያየች የምታወራ ሴት ናት፤ የኮቱ መሸፈኛ ዚፑ እንደተዘጋ ተቀብላኝ ሳትከፍተው ሄደች። እኔ እስክትከፍተውና እስክትደነቅ ጠብቄ ስለነበር ትንሽ ከፋኝ።

አርብ ጠዋት ካውያዬ ገና ሳይሞቅ ስልክ ጮኸ። በዚህ አገር አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፤ ምርቃቱ አሥር ላይ ነው። የሽማግሌው ልጅ ናት። አዳራሹ ፓርኪንግ ውስጥ ደርሰው ነው የኮቱን መሸፈኛ የከፈቱት፣ አባቷም ከመኪና አልወርድም ብለዋል። ኒሻኖቹ የተሰፉት ያለ ቦታቸው ነው አለችኝ።

እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ተከራከርኩ። ኒሻን በግራ ነው፣ አባቴ ወታደር ነበር፣ ይኼን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፣ አባትሽን መስታወቱ አሳስቷቸው ነው አልኳት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«የአባቴ አይደሉም» አለች። «የእናቴ ናቸው።»

ኤም ፒዋ እናቷ ነበረች። ከሁለት ዓመት በፊት ነው የሞተችው። በአገራቸው ወግ ሰው የራሱን ኒሻን በግራ ደረቱ ያደርጋል፤ የሞተ ዘመዱን ሲያደርግ ግን በቀኝ ነው። በግራ ያደረገ የኔ ነው እያለ ነው። ለልጅቷ ባጁን አደርግልሻለሁ ብላ ቃል የገባችውም ሴት አያቷ ነበረች፤ የልጅ ልጇ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ እንዳንቺ ፖሊስ እሆናለሁ ትላት ነበር። አያትየው ለምርቃቱ አልደረሰችም። ሶ ሽማግሌው ኒሻኖቿን በቀኝ ደረታቸው ይዘው ቃሏን ሊያደርሱላት ነበር። እኔ ደግሞ በግራ ሰፍቼ ሰውዬውን ውሸታም አድርጌያቸዋለሁ። በግራ አድርጌ አልገባም፣ ያለ ኒሻኖቿም አልገባም ብለው ተቀምጠዋል።

ስልኩን እንደያዝኩ ግንባሬን መታሁ። የኔ ጉድ! ማክሰኞ ዕለት አፋቸውን ከፍተው ነበር እኮ። ሊነግሩኝ ነበር። እኔ ነኝ በአባቴ ወሬ የዘጋሁባቸው። ከዚያ እንዳትነኩት፣ መጣሁ አልኳት። መተርተሪያዬን፣ መርፌዬን፣ የሰም ክሩን፣ የቁርጥራጭ ጨርቅ ከረጢቴን ጠራርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ለኮሪያዊቷ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት፤ ምን ያህሉ እንደገባት አላውቅም፣ ብቻ በሩን ከፈተችልኝ።

ስድስት ሠላሳ አምስት የሚባለውን አውራ ጎዳና እንደዚያ ቀን ነድቼው አላውቅም። የሚከፈልበት ፈጣን መስመር፣ ኤክስፕረስ ሌን፣ ገባሁ፣ እግሬ ነዳጁ ላይ ተጣበቀ። ከራሴ ጋር ጮክ ብዬ አወራለሁ። ያ ረቢ፣ ለፖሊስ ምርቃት ስከንፍ ፖሊስ ቢያቆመኝ ምን ልለው ነው? ኒሻን በግራ ሰፍቼ ልለው ነው? ፍርሃቱም አለ፣ እፍረቱም አለ፣ ግን እውነቱን ልናገር፣ ከሁሉም በላይ ሰውነቴን የሚነዝረኝ ደስታ የሚመስል ነገር ነበር። ሴት! አራት ኒሻን ያላት፣ ወንዱን ወታደር ሁሉ በጓሮ በር የምታስፈተልክ ሴት! ሁለት ቀን ሙሉ እጄ ላይ ይዣት ሳላውቃት ቀርቼ። የግሬፕቫይን መውጫ ጋ ስደርስ ዕንባዬም ሳቄም አንድ ላይ መጡ።

ፓርኪንጉ በዩኒፎርም ተሞልቷል። ልጃቸው ከሩቅ እጇን አውለበለበችልኝ። ሽማግሌው በሸሚዛቸው ብቻ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ኮቱ ጉልበታቸው ላይ ነው። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ልጃቸው እኔ ሳልመጣ በጥፍር መቀስ ልትፈታው ሞክራ፣ ክሩ እምቢ ሲላት ጨርቁን ነክታዋለች። ከኪሱ አፍ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ተከፍታለች። ምክንያቱም ያ የጭነት መኪና የማይነቅለው ስፌቴ ነዋ።

አጠገባቸው ገብቼ ተቀመጥኩና ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እንዲቆጡኝ ፈልጌ ነበር፤ ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። እሳቸው ግን ኮቱን ቀስ ብለው ወደ ጉልበቴ አዛወሩት።

«ይህን ለብሼ ብገባ» አሉኝ፣ «እሷ ራሷ ትይዘኝ ነበር።»

ቀልዳቸውን አልነበረም። ሚስታቸው በሥራዋ ዘመን ያልተሸለመውን ኒሻን አንጠልጥሎ የሚዞር ሰው አትወድም ነበር። አንድ ጊዜ የመኮንኖች እራት ላይ እንዲህ ያለ ሰው አግኝታ፣ በጨዋ ደንብ ወደ ውጭ ጠርታው፣ ኒሻኖቹን አንድ በአንድ ከደረቱ አውርዳ ማስታወሻዋ ላይ ጽፋቸዋለች። ባልዋ ያን ማታ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ሲያዩ ነበር። እሳቸው ወታደር ሆነው አያውቁም፤ ለወታደር ልጆች ሂሳብ የሚያስተምሩ መምህር ነበሩ። እሷ በተዛወረች ቁጥር ጓዛቸውን ጠቅልለው ይከተላሉ። ወታደሮቹ ሥራ ሲወጡ ሚስቶቻቸው ሻይ የሚጠጡበት ማኅበር ነበር፤ በዚያ ሁሉ ሴት መሃል አንድ ወንድ እሳቸው ናቸው።

«ሚስት እኔ ነበርኩ» አሉ፣ በኩራት።

መተርተር ጀመርኩ። አስተማማኝ ስፌት የሚሠራ ሰው አንድ ቀን የራሱን ስፌት ሲፈታ ነው ዋጋውን የሚያየው። እያንዳንዱን ክር ለብቻው ማንሳት አለብኝ፤ ብቸኩል ጨርቁ ይሄዳል። መርፌዎቹን ጥርሴ ላይ ስለያዝኩ ማውራት አልችልም፤ ሶ በግድ አዳመጥኩ። ሰው ማዳመጥ ለካ እንዲህ ነው።

በአሥራ ስምንት ዓመቷ ነው ጦሩን የተቀላቀለችው፣ አባቷ ሳይወድ። ጀርመን ውስጥ፣ የእንግሊዝ ጦር ሰፈር በር ላይ፣ ነጭ እጅጌ አድርጋ ትራፊክ ታስተናብር ነበር፤ አጭር ስለሆነች ሣጥን ላይ ትቆማለች። እሳቸውም ያኔ አዲስ መምህር ናቸው፤ መኪናቸውን በማይገባበት ነድተው ሲመጡ አስቆመችና ቀጣቻቸው። በሁለተኛው ሳምንት አውቀው በዚያው በር ነድተው መጡ። ሦስተኛው ላይ ስማቸውን ሳትጠይቅ ጻፈችው። እንዲህ ነው የተጋቡት።

ልጃቸውን ስታረግዝ ጦሩ አሰናበታት። ያኔ ሕጉ እንዲህ ነበር፤ ያረገዘች ወታደር ትወጣለች። ስድስት ዓመት ደብዳቤ ስትጽፍ ኖራ ተመልሳ ገባች፣ ማዕረጓን ዝቅ አድርገው። ኒሻኖቹ ጠርዝ ላይ ያየኋት ፊደልም ለሴቶች ቁጥር ብቻ የምትገባ ነበረች፤ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ አውቅ ነበር። ቀዩ ጥብጣብ የረጅም አገልግሎትና የመልካም ጠባይ ነው። ይህቺ እንኳ ግማሿ የኔ ናት አሉ፤ ጠዋት ጠዋት ቀስቅሰው ቁርስ አብልተው የሚልኳት እሳቸው ነበሩ። ውሃ ሰማያዊው የተባበሩት መንግሥታትን ሰማያዊ ቆብ አድርጋ ሰላም ልታስከብር ወደ ባልካን የሄደችበት ነው።

በዚህ መሃል ልጃቸው እየሮጠች መጣች። ንግግሩ አልቆ ስም መጥራት ጀምረዋል። የልጅቷ የቤተሰብ ስም በፊደል ተራ ወደ መጨረሻው ነው፣ አሁን ኤፍ ላይ ናቸው አለች። ዘንጉ በመጨረሻ እጄ ላይ ወረደ። አሁን ቀኙ ላይ መስፋት ነው፣ ከዚያ ቀዳዳዋ።

ሐምራዊና አረንጓዴውን እጄ ላይ አይተው በጣታቸው ነኩት። እሱ ሰሜን አየርላንድ ባገለገለችበት ጊዜ ያገኘችው ነው አሉ። ገበያ መሃል ቦምብ የተጠመደበት መኪና ቆሞ ሰዉን ስታስወጣ፣ አንድ ሽማግሌ ባለሱቅ ድመቴን ትቼ አልወጣም ብሎ ቀረ። ተመልሳ ገባች። ባለሱቁንም ድመቱንም ይዛ በጓሮ ስትወጣ ፈነዳ። ሮዟ ጥብጣብ በዚያ ምክንያት ናት፤ ንግሥቲቱ በእጇ ደረቷ ላይ አደረገችላት፣ እሳቸውና ልጃቸው ቁጭ ብለው አዩ። ተራ ወታደር ሆና ገብታ ሻለቃ ሆና ጡረታ ወጣች። ግን ቦምቡ የፈነዳ ቀን የቀኝ ጆሮዋ ደነቆረ።

«ከዚያ ወዲህ እንድትሰማኝ ሁልጊዜ በግራዋ ነበር የምሄደው» አሉኝ። «ከሠላሳ ዓመት በላይ በቀኜ ነበረች።»

መርፌዎቹ ከጥርሴ ላይ ወደቁ። ጠመኔውን አሰብኩት፤ ያችን አጭር መስመር፣ በብሩሽ ያጠፋኋትን። የሚያሰምሩበትን በደንብ ያውቁ ነበር። ዕንባዬ ኮቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩና አፍንጫዬን ጠረግኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ሰፋሁ፤ በዚያ ዓይነት ፍጥነት፣ በዚያ ዓይነት ጥንቃቄ ሰፍቼ አላውቅም።

ልጃቸው ዳግመኛ መጣች። ኤም ላይ ደርሰዋል። ቀዳዳዋን በክር ሰብሰብ አደረግኳት፣ ግን ትታያለች። ከረጢቴን አገላብጬ ሳይ ባለፈው ሳምንት ለአንዲት ሜክሲኳዊት የአሥራ አምስተኛ ዓመት ልደት ድግስ ከሰፋሁት ቀሚስ የተረፈ ቀይ ሳቲን አገኘሁ። አራት ማዕዘን ቆርጬ፣ ዳሩን አጥፌ፣ እንደ መሐረብ የደረት ኪሱ ውስጥ ሻጥ አደረግኩትና ቀዳዳዋን አለበስኳት። ሽማግሌው ሲያዩት ፊታቸው በራ። የእንግሊዝ ጦር ፖሊስ ቆቡ ቀይ ነው፤ ከባልካኑ ሰማያዊ በስተቀር ሚስታቸው ሌላ ቀለም ያለው ቆብ አልነበራትም።

ኮቱን አለበስኳቸው። ከመኪናው ሲወርዱ ዞር ብለው አንድ ነገር ጠየቁኝ። የአባትሽ ኒሻኖች የት አሉ አሉኝ። ሦስት ናቸው፣ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ካልሲ ውስጥ አልኳቸው። አባቴ ያገለገለበት ጦር ሲበተን ኒሻን ማሳየት የሚያስፈራበት፣ የሚያሳፍርበትም ጊዜ መጣ። ካልሲ ውስጥ ጠቅልሎ ሰጠኝና ዳግመኛ አልጠየቀኝም። ከሞተ ብዙ ዓመቱ ነው። ወንድም የለኝም፣ ሶ የሚያደርጋቸው የለም አልኳቸው። ሽማግሌው ቅንድባቸውን አነሱ። የሚስታቸውን ታሪክ ያን ሁሉ ጊዜ ለማን ሲያወሩ እንደቆዩ የገረማቸው ይመስለኛል። ልጃቸው እጃቸውን ይዛ አር ላይ ናቸው፣ አር ላይ ናቸው እያለች ጎተተቻቸው።

ከኋላ ቆምኩ። ስሟ ሲጠራ ልጅቷ ወደ መድረኩ ወጣች፤ እንደ አያቷ ነው መሰል አጭር ናት። ሽማግሌው በሌላ በኩል ወጡ። ልጅቷ ፊቷን ኮስተር አድርጋ ቀጥ ብላ ቆማለች፣ እንዲህ ሁኑ ተብለው ተምረው የለ። ከዚያ ዓይኗ ወደ አያቷ ግራ ደረት ሄደ፣ ቀዩን መሐረብ አየ። ወደ ቀኝ ሄደ። ኮስታራው ፊት በአንዴ ፈረሰ። ሽማግሌው ባጁን ሊያደርጉላት ጎንበስ አሉ፤ አንድ ጊዜ ሳቱት፣ ሁለተኛ ጊዜ ሳቱት። እሷም አልተቸኮለች። ሲገባላቸው እጇን አንስታ መዳፏን ኒሻኖቹ ላይ አሳረፈች።

«መጣሽ» አለች። ማይክራፎኑ አጠገባቸው ስለነበር አዳራሹ ሁሉ ሰማት።

እኔ እልል አልኩ። ምን ላድርግ፣ አመለጠኝ። ግሬፕቫይን ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ፖሊስ መሃል፣ ደሴ እንዳለሁ አድርጌ እልልታውን ለቀቅኩት። ሰው ሁሉ ዞረ። አንድ ግዙፍ ፖሊስ ደህና ነሽ ወይ ብሎ ጠጋ አለኝ። መድረኩ ላይ ያለው ኃላፊ ግን ማጨብጨብ ጀመረ፤ ከዚያ ጭብጨባውና እልልታዬ ተቀላቅሎ የራሴን ድምፅ እንኳ አልሰማሁም።

ባለፈው ክረምት ሪቻርድሰን ከተማ፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ የዘመድ ሠርግ ነበረን። ከመሄዳችን በፊት ቁም ሣጥኑን ከፍቼ ካልሲውን አወጣሁ። ሦስቱ ኒሻኖች ጥብጣባቸው ነትቧል፣ እጄ ላይ ግን ከባድ ናቸው። ባለቤቴ መብራቱን አስጠጋልኝ። የአበሻ ቀሚሴ ላይ፣ በቀኝ ደረቴ፣ በሰም በታሸ ክር ሰፋኋቸው።

ምሳ በልተን እንደተቀመጥን አንድ አባት ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ ጠረጴዛችን መጡ። ከአቋማቸው ወታደር እንደነበሩ ያስታውቃሉ። ኒሻኖቹን ትክ ብለው አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልጄ ቅር እንዳይልሽ፣ ኒሻን እኮ በግራ ነው የሚደረገው፣ ተሳስተሻል አሉኝ። እንዴት ወደድኳቸው! ልክ እኔ ማድረግ የነበረብኝን አደረጉ፤ አይተው ዝም አላሉም። ብድግ አልኩላቸው።

«አልተሳሳትኩም፣ አባባ» አልኳቸው። «የኔ አይደሉም። የአባቴ ናቸው።»

ቀና አሉ። ከዚያ ከዘራቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ፣ ተረከዛቸውን አጋጠሙ፣ ቀኝ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡ። ዓይናቸው ቀኝ ደረቴ ላይ ነበር። እኔም እንደ ልጅነቴ ቀጥ ብዬ ቆምኩ፤ ሰላምታው ለኔ አልነበረም።